ከወንዝ ዳር ወደ ቤተ ሙከራ፦ የእንዶዱ ሳይንቲስት ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ

ጅማ፦ በጅማ ከተማ መካከል በሚያልፈው በአዌቱ ወንዝ ዳርቻም ሆነ በአጋሮ፣ በየቡ፣ በሊሙ ገነትና በሰቃ ዙሪያ በሚገኙ ጅረቶች ልብስ ማጠብ፣ ከብት ማጠጣትና ገላ መታጠብ የዕለት ተዕለት ኑሮ አካል ነው። ቡና በሚለቀምበት ወቅት ከሩቅ የሚመጣው ሠራተኛም ውሎ ሲያበቃ የሚታጠበው በዚሁ ውኃ ነው። በነዚህ ጅረቶች አጠገብ፣ በአጥርና በጫካ ጠርዝ ላይ፣ የአካባቢው አርሶ አደር በኦሮምኛ ሃንዶዴ፣ በአማርኛ ደግሞ እንዶድ ብሎ የሚጠራው ቁጥቋጦ ይበቅላል። ውኃው ውስጥ በሽታ አለ። የበሽታውን መንገድ ለመቁረጥ የሚረዳ ነገር ደግሞ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ይህን ግንኙነት በሳይንስ አረጋግጠው ለዓለም ያሳወቁት ኢትዮጵያዊ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ናቸው።

የሕይወታቸው ታሪክ የአንድ ግኝት ታሪክ ብቻ ተደርጎ ሊነገር አይችልም። ግኝቱ የተገኘው በአንድ ቀን ምልከታ ነበር። ድሆች ሊጠቀሙበት የሚችሉት ርካሽ መከላከያ መሆኑን ለማሳመን ግን ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጅቷል።

በውኃ ውስጥ ያለው ጠላት

አክሊሉ ዕድሜ ልካቸውን የታገሉት በሽታ ቢልሃርዝያ ይባላል። በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ትል ነው። በጅማ አካባቢ፣ በሰሜን ኢትዮጵያና በሌሎች ደጋና ወይና ደጋ ሥፍራዎች የሚታየው ዓይነት የአንጀትና የጉበት ደም ሥሮችን የሚያጠቃ ነው። በበሽታው የተያዘ ሰው ዓይነ ምድር ወደ ውኃ ሲገባ የትሉ እንቁላል ይፈለፈላል። የሚወጣው ረቂቅ እጭ ሕይወቱን የሚቀጥለው በውኃው ውስጥ የሚኖር አንድ ዓይነት ትንሽ ቀንድ አውጣ ካገኘ ብቻ ነው። በቀንድ አውጣው አካል ውስጥ ለሳምንታት ሲራባ ይቆይና ሌላ መልክ ይዞ በብዛት ወደ ውኃው ይወጣል። ከዚያም ወደ ውኃው የገባን ሰው ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ ዘልቆ ይገባል።

ትሎቹ በሰው ደም ሥር ውስጥ ለዓመታት ሊኖሩ ይችላሉ። የሚጥሉት እንቁላል ከፊሉ ከሰውነት ሲወጣ ከፊሉ በአንጀትና በጉበት ተሰግስጎ ይቀራል። ዋናው ጉዳት የሚመጣውም ከዚህ ነው። ሕፃናት ደም ያንሳቸዋል፣ ዕድገታቸው ይቀጭጫል፣ ትምህርት መከታተል ይሳናቸዋል። ሕመሙ ሲቆይ ጉበት ይጠነክራል፣ ሆድ ይነፋል፣ ደም ማስታወክም ሊከተል ይችላል።

አክሊሉ ሥራቸውን በጀመሩበት ዘመን ለበሽታው የነበረው ዋና መድኃኒት ከአንቲሞኒ ማዕድን የሚሠራ መርፌ ነበር። መድኃኒቱ ራሱ በሽተኛውን የሚጎዳ፣ ብዙ ቀን የሚወስድና የሐኪም ክትትል የሚፈልግ በመሆኑ ለገጠር ሕዝብ የሚዳረስ አልነበረም። የዳነውም ሰው ቢሆን ወደዚያው ጅረት ሲመለስ እንደገና ይያዛል። ስለዚህ ባለሙያዎች ትኩረታቸውን በትሉና በሰው መካከል ወዳለው መሸጋገሪያ፣ ወደ ቀንድ አውጣው አዞሩ። ቀንድ አውጣውን የሚያጠፉ የፋብሪካ ኬሚካሎች ቢገኙም በውጭ ምንዛሪ የሚገዙና እጅግ ውድ ነበሩ። በሽታው የሚበረታባቸው አገሮች ደግሞ ውድ ኬሚካል መግዛት የማይችሉት ነበሩ።

የአድዋው ጅረት

አክሊሉ ለማ የተወለዱት ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረችበት በ1928 ዓ.ም. ነው። ከጦርነቱ በኋላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶቿን ዳግም ስትከፍትና ወጣቶቿን ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ ስትልክ ዕድሉን ካገኙት አንዱ ነበሩ። በአሜሪካ በታወቀው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የጥገኛ ተውሳክ በሽታዎችን አጥንተው የዶክትሬት ዲግሪ ያዙ። ሲመለሱ ዕድሜያቸው ገና ሠላሳ አልሞላም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1964 ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች የት የት እንደሚገኙ ለማጥናት ወደ ሰሜን ተጉዘው አድዋ ደረሱ። በዚያ በአንድ ጅረት ዳር ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ አገኟቸው። ሴቶቹ የሚያጥቡት በሳሙና አልነበረም። በአካባቢው ሽብቲ የሚባለውን የእንዶድ ፍሬ አድርቀውና ወቅጠው፣ በውኃ ሲመቱት የሚወጣውን አረፋ ይጠቀሙ ነበር። ይህ ልማድ በኢትዮጵያ ከትውልድ ትውልድ ሲወርድ የመጣ ነው። የአገር ባህል ሸማ በእንዶድ ሲታጠብ ይነጣል፣ ይለሰልሳልም ተብሎ ይታመናል።

ወጣቱ ተመራማሪ ዓይናቸውን የጣሉት ግን ከሴቶቹ ግርጌ ባለው ውኃ ላይ ነበር። ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው አዩ። ከዚያ በላይ ባለው የጅረቱ ክፍል ያሉት ግን ሕያዋን ነበሩ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የእንዶዱ አረፋ ብቻ ነበር። ከላይኛው በኩል የተለቀሙ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ከአረፋው ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ ሲደረጉ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

በዚያ ወንዝ ዳር ስንት ትውልድ ልብስ እንዳጠበ የሚቆጥር የለም። ሴቶቹ የእንዶድን ኃይል ያውቁ ነበር። ፍሬው መቼ እንደሚለቀም፣ እንዴት እንደሚደርቅ፣ ምን ያህል እንደሚበቃ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ቀንድ አውጣው ከልጆቻቸው የሆድ ሕመም ጋር ያለውን ዝምድና የሚያውቀው ደግሞ ሳይንስ ነበር። የአክሊሉ ድርሻ ሁለቱን እውቀቶች ማገናኘት ሆነ። ከቤተ ሙከራ ይልቅ ከወንዝ ዳር የጀመረ ምርምር በመሆኑም በቀረው ዘመናቸው ሁሉ ለአገር በቀል እውቀት ጠበቃ ሆነው ቆሙ።

ከአረፋ ወደ ማስረጃ

ወደ አዲስ አበባ እንደተመለሱ ምልከታቸውን በቤተ ሙከራ መፈተን ጀመሩ። የመጀመሪያው ዘገባቸው እ.ኤ.አ. በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ታተመ። የቤተ ሙከራና የመስክ ውጤታቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ወጣ። የደረቀው የእንዶድ ፍሬ ዱቄት ከውኃው ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ መጠን ብቻ ቢሆን እንኳ ቀንድ አውጣዎችን በአንድ ቀን ውስጥ ሊያጠፋ እንደሚችል ታየ። በውኃው ውስጥም ለረጅም ጊዜ ሳይቆይ ፈርሶ ይጠፋል። ይህም ከፋብሪካ መርዞች የሚለየው ትልቅ ጠባዩ ነው።

በዚሁ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። ዓላማው ኢትዮጵያ የራሷን በሽታዎች በራሷ ባለሙያዎች፣ በራሷ ቤተ ሙከራ እንድታጠና ማስቻል ነበር። ተቋሙ ከቢልሃርዝያ በተጨማሪ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውን ሌሽማንያሲስ የመሳሰሉ በሽታዎችን መመርመር ጀመረ። እስከዚያ ድረስ ናሙና ወደ ውጭ ተልኮ መልስ የሚጠበቅበትን አሠራር የለወጠ እርምጃ ነበር።

የእንዶድን ኃይል ምንጭ ለማወቅ ምርምሩ ባሕር ተሻገረ። በአሜሪካ በሚገኘው የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ከኬሚስቶች ጋር በተደረገ ጥናት በፍሬው ውስጥ ያሉት ሳፖኒን የሚባሉ አረፋ አውጪ ንጥረ ነገሮች አንድ በአንድ ተለይተው ታወቁ። ከነዚህ መካከል አንዱ በአክሊሉ አባት ስም ለማቶክሲን ተባለ። አንድ ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም በኬሚስትሪ መዝገብ የሰፈረው በዚህ መንገድ ነው።

ሌላው ትልቅ ሥራ የተክሉ ዝርያ ምርጫ ነበር። እንዶድ ሁሉ አንድ አይደለም። የአንዱ ፍሬ ከሌላው ይበልጥ ይበረታል፣ አንዱ ከሌላው በተሻለ ያፈራል። የአክሊሉ የረጅም ጊዜ የሥራ ባልደረባ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከተለያዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የተሰበሰቡ ዓይነቶችን እየተከሉ፣ እያነጻጸሩና እየመረጡ ለዓመታት ደከሙ። ከዚህ ድካም የተገኘውና ዓይነት 44 የተባለው እንዶድ በኃይሉና በምርቱ ተመራጭ ሆኖ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ተሻግሮ ተተከለ።

የአምስት ዓመቱ ፈተና

ቀንድ አውጣን መግደል አንድ ነገር ነው። ሰውን ከበሽታ ማዳኑን ማሳየት ደግሞ ሌላ ነው። ስለዚህ ሥራው ወደ ተጀመረበት ወደ አድዋ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመታት ያህል የከተማዋ ጅረቶች በአካባቢው በተሰበሰበና በተፈጨ እንዶድ እየታከሙ የሕዝቡ ጤና ተመዘገበ። ውጤቱ አመርቂ ነበር። ከሙከራው በፊት በበሽታው የተያዘው ሕዝብ 63 በመቶ ሲሆን ከሙከራው በኋላ ወደ 34 በመቶ ወረደ። ይበልጥ የሚያስደንቀው የሕፃናቱ ነው። ዕድሜያቸው ከስድስት ዓመት ያልበለጡ ልጆች 50 በመቶ ያህሉ ታመው የነበረ ሲሆን ቁጥሩ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ።

የሕፃናቱ ቁጥር ልዩ ትርጉም ነበረው። ትልልቆቹ ሰዎች ትሉን ከሙከራው በፊት በሰውነታቸው ይዘው ሊሆን ይችላል። ሕፃናቱ ግን ወደ ውኃው መግባት የጀመሩት በእንዶድ መታከም ከጀመረ በኋላ ስለሆነ፣ የነርሱ ጤና መጠበቅ አዲስ መተላለፍ መቀነሱን ያረጋገጠ ነበር። ሥራውም በውጭ አገር በተመረተ ኬሚካል ሳይሆን በአካባቢው ሰው እጅ በተለቀመ ፍሬ መከናወኑን ለአክሊሉ የዕቅዳቸው ሁሉ እምብርት አድርገው ያዩት ነበር።

የተዘጋው በር

ይህን ያህል ማስረጃ ተይዞ እንዶድ በዓለም መድረክ ወዲያውኑ ተቀባይነት አላገኘም። በበሽታ መከላከል ላይ ገንዘብ የሚመድቡና መመሪያ የሚያወጡ ዓለም አቀፍ አካላት በአንድ በኩል የተክሉን ደኅንነት ተጠራጠሩ፤ በሌላ በኩል ከፋብሪካ ለሚወጣ ኬሚካል የተበጀውን የመርዛማነት መመዘኛ ለመንደር ዱቄትም ጠየቁ። መመዘኛው ያለ ምክንያት የተጠየቀ አልነበረም። ሰው በሚጠጣውና በሚታጠብበት ውኃ ላይ የሚጨመር ነገር በጥንቃቄ መመርመር አለበት። ችግሩ ምርመራው የሚጠይቀው ገንዘብና የቤተ ሙከራ ደረጃ በድሃ አገሮች አቅም የሚቻል አለመሆኑ ነው። አንድ ኩባንያ ለአዲስ ኬሚካል ምርመራ የሚያወጣውን ገንዘብ ከሽያጭ ይመልሰዋል። በየአጥሩ ለሚበቅል፣ ማንም ለቅሞ ሊወቅጠው ለሚችል ፍሬ ግን ይህን ወጪ የሚሸፍን ነጋዴ የለም።

በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ተገኘ። በአንድ ቀን ተውጦ ትሉን የሚገድል፣ ከአንቲሞኒው መርፌ ጋር የማይነጻጸር ደኅንነት ያለው መድኃኒት ነበር። ለበሽተኞች ታላቅ እፎይታ ሆነ። የዓለም ትኩረትም ወደ ክኒኑ ዞረ፤ ቀንድ አውጣውን የመቆጣጠር ሥራ ወደ ኋላ ቀረ። አክሊሉና የሥራ ባልደረቦቻቸው ግን መድኃኒቱ የታመመውን ቢፈውስም ውኃው እስካልጸዳ ድረስ ሰው ደግሞ ደጋግሞ እንደሚያዝ ማስገንዘባቸውን አላቋረጡም።

አክሊሉ በአብዮቱ ማግሥት ባሉት ዓመታት ከአገር ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ለልማት ዘርፍ አገለገሉ። በኋላም በጣሊያን ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ ዓለም አቀፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል ምክትል ዳይሬክተር ሆኑ። እንዶድን ግን አልተዉትም። እ.ኤ.አ. በ1983 በዛምቢያ ዋና ከተማ ሉሳካ የበሽታው ችግር ያለባቸው አገሮች ተመራማሪዎች በእንዶድ ጉዳይ እንዲመክሩ የተደረገው ጉባኤ እርሳቸው ከመሩት ጥረት አንዱ ነበር። ቀስ በቀስ የሌሎች አገሮች ተቋማት ለመርዛማነት ምርመራው ድጋፍ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ1990 ገደማ በካናዳ ድጋፍ የተከናወነው ጥናት እንዶድ በአግባቡ ከተያዘ ለሰው አስጊ አለመሆኑን የሚያመለክት ውጤት አስገኘ። ከአድዋው ምልከታ ጀምሮ ሲቆጠር ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎ ነበር።

ክብርና ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በ1989 አክሊሉ ለማና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራው ይህ ሽልማት ለሰው ልጅ አንገብጋቢ ችግሮች ተግባራዊ መፍትሔ ላመጡ ሰዎች የሚሰጥ ነው። በዚያው ዓመት አክሊሉ ከፊንላንዳዊው ምሁር ፔንቲ ማላስካ ጋር ያዘጋጁትና ከረሃብ ባሻገር ስላለችው አፍሪካ የሚያትት መጽሐፍ ለሮም ክበብ ዘገባ ሆኖ ቀረበ። በሽታ፣ ድህነትና ሳይንስ በአንድ ሰንሰለት የተያያዙ መሆናቸው ለርሳቸው የዕድሜ ልክ ጭብጥ ነበር።

ከክብሩ ጋር ግን አዲስ ጥያቄ መጣ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የተሰራጨው የሜዳ አህያ ስም የተሰጠው ባለ ሽንትር ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት የውኃ ቱቦዎችን እየደፈነ ከፍተኛ ኪሳራ ያደርስ ነበር። በኦሃዮ ግዛት የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንዶድ ይህንንም እንደሚያጠፋ አሳዩ፤ ለአጠቃቀሙም የፈጠራ ባለቤትነት መብት በአሜሪካ ተመዘገበ። ይህ በዓለም ዙሪያ ክርክር አስነሣ። የእንዶድን ጠባይ ለዘመናት የጠበቁት የኢትዮጵያ ሴቶችና ተክሉን ያበቀለችው አገር ከሚገኘው ጥቅም ድርሻቸው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ በአገር በቀል እውቀት ባለቤትነት ላይ በተደረጉ ውይይቶች በምሳሌነት ሲጠቀስ ኖረ። ድሃው በሚታጠብበት ጅረት ላይ ለመፈተን ገንዘብ ያጣው ፍሬ፣ የባለጠጋ አገር የውኃ ቱቦ ሲደፈን ወዲያውኑ ትኩረት ማግኘቱ ብዙዎችን አሳዝኗል።

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ መጋቢት 27 ቀን 1989 ዓ.ም. በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የመሠረቱት ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የአክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ተቋም በሚል ስማቸውን ይዞ ይሠራል።

ለጅማ የቀረው ትምህርት

አክሊሉ የሞከሩት መንገድ ድክመት የለውም አይባልም። እንዶድ ከቀንድ አውጣው ጋር ዓሣንም ይገድላል። በመሆኑም ዓሣ በሚጠመድባቸው ሐይቆችና ወንዞች እንዳሻ ሊጨመር አይችልም። ቀንድ አውጣዎቹ ከላይ ካለው ውኃ ተመልሰው ስለሚመጡ ሥራው በየጊዜው መደጋገም አለበት። ፍሬው በብዛት የሚመረትበት ሥርዓትም ያስፈልጋል። መጸዳጃ ቤትና ንጹሕ ውኃ ከሌለ ደግሞ የትኛውም መከላከያ ብቻውን አይበቃም።

በጅማ ዞን የሚካሄዱ ጥናቶች ቢልሃርዝያ በትምህርት ቤት ልጆች ላይ አሁንም እንደሚገኝ ያሳያሉ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማዋ ጅረቶችና በጊቤ ተፋሰስ በሽታውን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ይከታተላሉ። በየትምህርት ቤቱ የሚታደለው ፕራዚኳንቴል ለብዙ ልጆች ፈውስ ሆኗል። ሆኖም ክኒኑን የወሰደ ልጅ በማግሥቱ ወደ አዌቱ ወይም በመንደሩ ወዳለው ጅረት መውረዱ አይቀርም። አክሊሉ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ያነሡት ጉዳይ ይኸው ነው። በሽተኛውን ማከምና ውኃውን መጠበቅ ሁለት እጆች ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው አያጨበጭብም።

ከሕይወታቸው የሚቀሰመው ሌላው ነገር የማየት ልማድ ነው። የተማረ ሰው ልብስ ከሚያጥቡ ሴቶች የሚማረው አለ ብሎ መቆሙ በዚያ ዘመን የተለመደ አልነበረም። በቡና አገር ጫካ ውስጥ ስማቸው በየቤቱ የሚታወቅ፣ ጥቅማቸው በቤተ ሙከራ ያልተፈተሸ ዕፅዋት ዛሬም ሞልተዋል። ይህን እውቀት የያዙት እናቶችና አባቶች እያረጁ ነው። በጅማ ሌላ ወጣት ተመራማሪ ነገ ወደ ጅረት ወርዶ ሃንዶዴውን ከሚወቅጡት እናት ጋር ቢነጋገር፣ አክሊሉ በአድዋ የጀመሩት ሥራ ቀጠለ ማለት ነው።